የትኛውን የድንጋይ ዘመን መቃብር ልጎብኝ? ከአየርላንድ እስከ ስፔን የምርጫ መመሪያ

በምዕራብ አውሮፓ ዳርቻ፣ ከስፔን ተነሥቶ እስከ ስኮትላንድ ደሴቶች ድረስ፣ ብረት ሳይታወቅ የተሠሩ የድንጋይ መቃብሮች ዛሬም ቆመዋል። አሠራራቸው በጥቅሉ ይመሳሰላል። ትላልቅ ድንጋዮች ግራና ቀኝ ቆመው መተላለፊያ ይሆናሉ፤ መተላለፊያው ወደ አንድ ወይም ወደ ብዙ ክፍል ያደርሳል፤ ላዩ በድንጋይ ይከደንና አፈርና ኮረት ይከመርበታል። ከሩቅ የሚታየው ሣር የለበሰ ጉብታ ብቻ ነው። ከዚህ በታች በዝርዝር የማነሣቸው ሁሉ ከግብፅ ታላቁ ፒራሚድ ይቀድማሉ። (ዓመታቱን በሙሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ለመጎብኘት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስሙን ወደ ሰማው ይሄዳል፤ ያም የአየርላንዱ ኒውግሬንጅ ነው። ኒውግሬንጅ ዝናው ይገባዋል። ሆኖም ለሁሉም ሰው የመጀመሪያው ምርጫ መሆን የለበትም። እነዚህን መቃብሮች ስናወዳድር ከዕድሜያቸውና ከስፋታቸው በፊት መጠየቅ ያለብን ውስጣቸው መግባት ይቻል እንደሆነ፣ ከተቻለም ምን ያህል እንደምንቆይ ነው። የሠሯቸው ሰዎች ጥበባቸውን ያፈሰሱት ለውስጡ ነው። ጨለማውን፣ ቅዝቃዜውን፣ የውጭው ድምፅ ድንገት ጸጥ ማለቱንና የጣሪያውን አደራደር ሳያዩ መመለስ አንድ ተጨማሪ ኮረብታ አይቶ እንደመመለስ ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። መቃብር ውስጥ መግባት የሚከብደው ሰው ብዙ ነው፤ ይገባኛል። በነዚህ ቦታዎች የተገኘው አፅም በቁፋሮ ጊዜ ተነሥቶ ወደ ሙዚየምና ወደ ጥናት ተቋም ሄዷል። የምትረግጡት የሞተ ሰው የለም። ቢሆንም ሰዎች ሙታናቸውን በክብር ያኖሩበት ቤት ነውና፣ ድምፅ ዝቅ አድርጎና ረጋ ብሎ መግባት ተገቢ ነው።

መጀመሪያ የሚያጣራው ቪዛ ነው

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ አውሮፓ ውስጥ ለሚኖር ሰው ምርጫው ገና ከጅምሩ ይጠብባል። አየርላንድ የሸንገን (በአንድ ቪዛ የሚያዘዋውሩ የአውሮፓ አገሮች ስምምነት) አባል አይደለችም፤ ብሪታንያም አይደለችም። የጀርመን፣ የስዊድን ወይም የጣልያን መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ወደ ፈረንሳዩ ጋቭሪኒስና ወደ ስፔኑ ሜንጋ ለአጭር ጉብኝት ያለ ሌላ ቪዛ ይሄዳል። ኒውግሬንጅን ለማየት ግን የአየርላንድ ቪዛ፣ ሜስሃውን ወይም ዌስት ኬኔትን ለማየት የብሪታንያ ቪዛ ያስፈልገዋል።

ለንደን ያለው ወገናችንም በመኖሪያ ፈቃዱ ብቻ ደብሊን መሄድ አይችልም፤ ደብሊን ያለውም እንዲሁ ወደ ብሪታንያ። በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ፍተሻ ላላ ያለ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከቤልፋስት በአውቶቡስ ተሳፍሮ ድንበሩን ሲያልፍ ማንም ላያስቆመው ይችላል፤ ያ ግን ፈቃድ አለው ማለት አይደለም። የብሪታንያ ወይም የአየርላንድ ዜግነት ያገኘ ሰው በሁለቱ መካከል ያለ ገደብ ይመላለሳል። ስለዚህ በመጀመሪያ በእጃችሁ ያለው ወረቀት የትኞቹን በሮች እንደሚከፍት እዩ፤ ከዚያ ከቀሩት መካከል ምረጡ።

ኒውግሬንጅ፦ ትልቁ ሥራ፣ አጭሩ ቆይታ

ኒውግሬንጅ ከደብሊን በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ የቦይን ወንዝ በሚታጠፍበት ሸንተረር ላይ ይገኛል። የተሠራው 3200 ዓመት ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው፤ ከጊዛው ታላቅ ፒራሚድ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ይቀድማል። ጉብታው ከዳር እስከ ዳር 85 ሜትር ያህል ሲሆን ግርጌውን 97 ትላልቅ ድንጋዮች ከበውታል። ከነዚህ መካከል በመግቢያው ፊት የተጋደመው ድንጋይ ላይ የተቀረጹት ጥምዝምዝ መስመሮች የአየርላንድ መለያ ምልክት እስከ መሆን ደርሰዋል።

መተላለፊያው 19 ሜትር ይረዝማል። አንዳንዶቹ የግድግዳ ድንጋዮች በዘመን ብዛት ወደ ውስጥ ስላዘነበሉ ወፍራም ሰው ወደ ጎን ዞሮ ማለፍ አለበት። ከዚያ ክፍሉ ይከፈታል፤ የመስቀል ቅርጽ አለው። ቀና ስትሉ ድንጋዩ ዙሪያውን ትንሽ ትንሽ ወደ ውስጥ እየገፋ፣ እንደ ሞሰብ ክዳን እየጠበበ ሄዶ፣ 6 ሜትር ከፍታ ላይ በአንድ ድንጋይ ይዘጋል። ኖራ የለውም፤ ሲሚንቶ የለውም። የጣሪያውን ክፍተት በተቃጠለ አፈርና በባሕር አሸዋ ደፍነውታል፤ ውኃ ወደ ጎን እንዲወርድም በድንጋዮቹ ላይ ቦይ ጠርበዋል። ያ ሁሉ የአየርላንድ ዝናብ ለአምስት ሺህ ዓመት ሲወርድበት ክፍሉ ሳያፈስ ቆይቷል። እዚያ ቆሞ ጣሪያውን የሚያይ ሰው "ጥንታዊ" የሚለውን ቃል "ያልሠለጠነ" ከሚለው ጋር አቀላቅሎ መጠቀም የሚያቆም ይመስለኛል።

ኒውግሬንጅን ከሌሎቹ የለየው ብርሃኑ ነው። ከመግቢያው በላይ ሌላ ጠባብ ክፍተት አለ። ቁፋሮውን ከ1962 እስከ 1975 የመሩት የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ማይክል ኦኬሊ፣ ፀሐይ እስከ መቃብሩ ውስጥ ትገባለች የሚል የቆየ አፈ ታሪክ ሰምተው ነበር። በዲሴምበር 21 ቀን 1967 ማለዳ ብቻቸውን ክፍሉ ውስጥ ሆነው ጠበቁ። ፀሐይ እንደወጣች በዚያ ክፍተት የገባው ጨረር መተላለፊያውን አልፎ እስከ ክፍሉ ወለል ደረሰ፤ ቀስ በቀስም ሰፋ፤ ከ17 ደቂቃ በኋላ ጠፋ። ይህ የሚሆነው ሌሊቱ እጅግ በሚረዝምባቸው ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 12 አካባቢ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ማለት ነው።

በዚያ ማለዳ ውስጥ ለመሆን በየዓመቱ ዕጣ ይወጣል፤ የሚያመለክተው ሰው በአሥር ሺዎች ይቆጠራል፤ የሚገባው በጣት የሚቆጠር ነው። ዕጣው ደርሶም ደመና ሊኖር ይችላል። ዕጣ ሙሉ፤ ጉዟችሁን ግን በዕጣ ላይ አትመሥርቱ። በተራ ቀን ለሚሄድ ጎብኚ ሁሉ አስጎብኚው መብራቱን አጥፍቶ የፀሐይዋን አገባብ በኤሌክትሪክ መብራት ያሳያል። ሰው ሠራሽ ነው ብላችሁ አትናቁት። ፍጹም ጨለማ ውስጥ ቆሞ ያ ቀጭን ብርሃን ወለሉን ሲሳብበት ማየት ሐሳቡን በደንብ ያስረዳል።

አሁን ወደ ጉድለቱ። በቀጥታ ወደ መቃብሩ መንዳት አይቻልም። መግቢያው ከወንዙ በስተደቡብ ባለው የብሩ ና ቦይኒያ የጎብኚዎች ማዕከል በኩል ብቻ ነው፤ ከዚያ አውቶቡስ ይወስዳችኋል። የስልክ ካርታ ላይ የመቃብሩን ስም ጽፎ የሚነዳ ሰው የተዘጋ በር ፊት ይቆማል። ትኬቱ በአውሮፓ በጋ (ከጁን እስከ ኦገስት) ቀደም ብሎ ያልቃል። ውስጥ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው። በቡድን ትገባላችሁ፤ ማብራሪያው ሲያልቅ ለሚቀጥለው ቡድን ቦታ ትለቃላችሁ፤ ብቻን ሆኖ ዝም ብሎ መቀመጥ የለም።

ከፊት ለፊት የሚያበራው የነጭ ኳርትዝ ግድግዳም በ1970ዎቹ የተሠራ መልሶ ግንባታ መሆኑን እወቁ። ድንጋዮቹ እውነተኛ ናቸው፤ ከዊክሎው ተራሮች የመጡ። እንደዚያ ቀጥ ብለው በግድግዳ መልክ ቆመው ነበር ወይስ በመግቢያው ፊት መሬት ላይ ተነጥፈው ነበር የሚለው ግን ባለሙያዎችን እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔ መሬት ላይ ተነጥፈው ነበር ወደሚሉት አደላለሁ። በአቅራቢያው ባለው ናውዝ መቃብር ኳርትዙን እንዳገኙት መሬት ላይ ትተውታል፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ያየ ሰው ራሱ ይፈርዳል።

ናውዝ ራሱ የሚገርም ቦታ ነው። አንድ ትልቅ ጉብታ፣ በዙሪያው ትናንሽ መቃብሮች፣ በውስጡ ከምሥራቅና ከምዕራብ የሚገቡ ሁለት ረጃጅም መተላለፊያዎች። በምዕራብ አውሮፓ የዚያ ዘመን የድንጋይ ቅርጽ በአንድ ቦታ እጅግ በዝቶ የሚገኘው እዚህ ነው። ጎብኚ ወደ መተላለፊያዎቹ መግባት ስለማይፈቀድለት በእኔ መለኪያ ብቻውን አይመረጥም። ከኒውግሬንጅ ጋር ሲደመር ግን ቀኑን ሙሉ ያደርገዋል፤ ልጆችም ጉብታው ላይ መውጣት ይወዳሉ።

ስለ ኒውግሬንጅ አንድ ነገር ልጨምር። በ2020 የወጣ የዘር ጥናት ክፍሉ ውስጥ አፅሙ የተገኘ አንድ ሰው ወላጆቹ ወንድምና እኅት፣ ወይም ወላጅና ልጅ እንደነበሩ አሳይቷል። አጥኚዎቹ ይህን የገዢ ቤተሰብ ምልክት አድርገው ተረጎሙት፤ ከአንድ ሰው አፅም ተነሥቶ ስለ ነገሥታት መናገር አይቻልም ያሉም ተነሥተዋል። አስጎብኚያችሁን ጠይቁት፤ በጉብኝቱ ውስጥ ከሚነሡት ጥያቄዎች ሁሉ ጥሩው ክርክር ከዚህ ይወጣል።

ሜስሃው፦ እጅ የሚታይበት

ኦርክኒ ከስኮትላንድ በስተሰሜን ያሉ ደሴቶች ናቸው፤ ሜስሃው ያለው እዚያ ነው። ሜስሃው የተሠራው 2800 ዓመት ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት ሲሆን ከኒውግሬንጅ በስፋቱ እጅግ ያንሳል፤ ጉብታው 35 ሜትር ያህል ነው። የድንጋይ ሥራን ከወደዳችሁ ግን ውድድሩ እዚህ ያበቃል። የኦርክኒ ድንጋይ በተፈጥሮው እንደ ሰሌዳ ይሰነጠቃል። ግንበኞቹ ይህን ተጠቅመው እያንዳንዱን ጠፍጣፋ ድንጋይ እንዲህ አቀራርበው ደርድረውታል፤ አንዳንዱ መጋጠሚያ ቢላ አያስገባም። ክፍሉ በአራቱም በኩል 4.6 ሜትር ያህል የሆነ አራት ማዕዘን ነው፤ በየማዕዘኑ ረጃጅም ድንጋዮች ቆመዋል፤ በሦስቱ ግድግዳዎች ላይ ደግሞ ሙታን የሚገቡባቸው ትናንሽ ማደሪያዎች አሉ።

ለመግባት 10 ሜትር ያህል ጎንበስ ብሎ መሄድ ያስፈልጋል። የመተላለፊያው ቁመት ለአዋቂ ሰው ወገብ ያህል ነው። ጉልበት ወይም ወገብ የሚያመው ሰው ይህን ቀድሞ ያስብበት። አክሱም ላይ ወደ ካሌብ መቃብር የወረደ ሰው ደረጃውን ያስታውሳል፤ እዚህ ደረጃ የለም፤ ያለው ጎንበስ ብሎ የሚኬድበት ረጅም መንገድ ነው።

ሜስሃው ከሌሎቹ ሁሉ የሚለይበት ሌላ ታሪክ አለው። በ12ኛው መቶ ዘመን ኖርሶች (የስካንዲኔቪያ ዘር ያላቸው ባሕረኞች) ጣሪያውን ሰብረው ገብተው፣ "ሩን" በሚባለው የጥንት ፊደላቸው በግድግዳው ላይ ጽፈዋል። ከ30 የሚበልጡ ጽሑፎች አሉ፤ በአውሮፓ በአንድ ቦታ ከተገኙት ትላልቆቹ አንዱ ነው። አንዱ ኢንጊጌርድ የምትባል ሴትን ውበት ያወድሳል፤ አንዱ በምዕራቡ ባሕር በ"ሩን" ፊደል ከሁሉ የተካንኩ እኔ ነኝ ይላል፤ አንዱ ደግሞ ይህን ጉብታ የሰበሩት የኢየሩሳሌም ተጓዦች ናቸው ይላል። ከኢየሩሳሌም ጉዞ ጋር የተያያዘ ሰው እዚህ ሰሜን ጫፍ ላይ በአረማውያን መቃብር ግድግዳ ስሙን ትቶ መሄዱ ለእኛ ለአበሾች የተለየ ስሜት ይሰጣል፤ ለእኛም ኢየሩሳሌም የመሳለም መንገድ ናትና።

እዚህም ፀሐይ ትገባለች፤ ግን ስትጠልቅ። በክረምቱ አጭር ቀናት፣ ከዲሴምበር 21 በፊትና በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል፣ የምትጠልቀው ፀሐይ ጨረር መተላለፊያውን አልፎ የኋላውን ግድግዳ ይመታል። የቀኑ ብዛት ትልቅ ጥቅም ነው፤ ዕጣ ሳትጠብቁ በትኬት ልታዩት ትችላላችሁ፤ ደመና ካልከለከላችሁ። ክረምት ላይ ግን ኦርክኒ የቀን ብርሃን የምታገኘው ለስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ባሕሩም ይናወጣል።

ጉብኝቱ በአስጎብኚ ብቻ ነው፤ ትኬት አስቀድሞ ይያዛል፤ ከስቴነስ መንደር አውቶቡስ ይወስዳል፤ ውስጥ ፎቶ አይነሣም። ከኒውግሬንጅ የሚያስበልጠው ክፍሉ ትንሽ መሆኑ ነው። ሁሉም ሰው ግድግዳውን በቅርብ ያየዋል፤ አስጎብኚው በባትሪ ጽሑፎቹን አንድ በአንድ ያሳያል።

መንገዱ ሩቅ ነው። ከስክራብስተር ወደብ እስከ ስትሮምነስ በመርከብ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ከኤድንብራና ከሌሎች የስኮትላንድ ከተሞች ወደ ከርክዎል አውሮፕላን አለ። ይህን ሁሉ ተጉዞ ለአንድ መቃብር ብቻ መሄድ አያዋጣም። ደግነቱ በዙሪያው የስካራ ብሬ የድንጋይ ዘመን መንደር፣ የስቴነስና የብሮድጋር የቆሙ ድንጋዮች አሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኩዊን አለ።

ኩዊን ከኮረብታ ጎን ያለ ትንሽ መቃብር ነው። ትኬት የለውም፣ ጠባቂ የለውም። በሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ በጉልበትና በእጅ እየተሳቡ ነው የሚገቡት፤ የእጅ ባትሪ ግዴታ ነው። ውስጡ ግን ቀጥ ብሎ ያስቆማል። ቁፋሮ ሲደረግ ከሰው አፅም ጋር የ24 ውሾች የራስ ቅል ተገኝቷል። ውሾቹ የተቀመጡት መቃብሩ ከተሠራ ከመቶዎች ዓመታት በኋላ እንደሆነ የዕድሜ ምርመራው አሳይቷል፤ እስኪሰለቸው ድረስ ብቻውን ጨለማ ውስጥ መቀመጥ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ሜስሃውን በጠዋት፣ ኩዊንን ከሰዓት ያየ ሰው ሁለቱንም ዓይነት ጉብኝት በአንድ ቀን አገኘ ማለት ነው፤ አንዱ ያስተምራል፣ ሌላው ዝም ያሰኛል።

ዌስት ኬኔት፦ ለንደን ላለ ሰው

ለንደን፣ በርሚንግሃም ወይም ብሪስቶል የምትኖሩ ከሆነ፣ ምርጫው ቀላል ነው፤ ዌስት ኬኔት ሂዱ። በዊልትሸር፣ ኤቭበሪ አጠገብ ይገኛል። የተሠራው 3650 ዓመት ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው፤ ከኒውግሬንጅ አራት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ይበልጣል። ቅርጹ ክብ አይደለም፤ 100 ሜትር የሚረዝም የአፈር ጀርባ ነው፤ በምሥራቅ ጫፉ አምስት ክፍሎች አሉ፤ ከፊት ለፊታቸው ትላልቅ ድንጋዮች በሩን ጋርደው ቆመዋል።

መግቢያ አይከፈልም። ቀን ቀን ሁልጊዜ ክፍት ነው። ቀጥ ብላችሁ ትገባላችሁ፤ ልጅ አቅፋችሁም ትገባላችሁ። ማንም ሰዓታችሁ አልቋል አይላችሁም። በዝናብ ቀን፣ ሰው በሌለበት፣ ከመጨረሻው ክፍል ጥግ ቆሞ ወደ ብርሃኑ መመልከት ኒውግሬንጅ በምንም ዋጋ የማይሸጠው ነገር ነው።

ስለ ቦታው የተገኘው እውቀትም ድንቅ ነው። ለረጅም ጊዜ መቃብሩ ለሺህ ዓመት ሙታን ሲቀበሉበት የኖረ ይመስል ነበር። በዚህ መቶ ዘመን መጀመሪያ የተደረገ ጥልቅ የካርቦን ዕድሜ ምርመራ ግን መጀመሪያ የተቀበሩት 36 ያህል ሰዎች፣ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት፣ የገቡት ከአንድ ትውልድ በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ እንደሆነ አመለከተ። ይተዋወቁ የነበሩ ሰዎች ናቸው ማለት ነው። የጥቂት ቤተሰቦች መቃብር መሆኑን ካወቁ በኋላ ክፍሎቹን ማየት ሌላ ነው።

ጉድለቱ ማብራሪያ የሚሰጥ ሰው አለመኖሩ ነው፤ ከመሄዳችሁ በፊት አንብቡ። መንገዱ ጭቃ ይሆናል፤ ቦት ጫማ ያስፈልጋል። ከለንደን ፓዲንግተን እስከ ስዊንደን በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከስዊንደን 49 ቁጥር አውቶቡስ ኤቭበሪ ያደርሳል፤ ከዚያ በሰው እጅ በተከመረው በሲልበሪ ኮረብታ ጎን አልፎ የሚሄድ የእግር መንገድ አለ። በመኪና የመጣ ሰው ኤፎር (A4) ከሚባለው አውራ ጎዳና ዳር አቁሞ ሽቅብ 800 ሜትር ያህል ይሄዳል።

አንድ ልመና አለኝ። አንዳንድ ጎብኚዎች እዚያ ሻማ ያበራሉ። እኛ ለሙታን ጧፍ ማብራት ልማዳችን ስለሆነ ልባችን ሊገፋፋን ይችላል፤ ግን አታድርጉት። ጢሱና ሙቀቱ ድንጋዩን ያበላሸዋል፤ የጠቆሩት ግድግዳዎች ማስረጃ ናቸው።

ዕጣው ያልደረሳችሁ፣ ብሪን ኬሊ ዲ

በዌልስ፣ አንግልሲ ደሴት ላይ ያለው ብሪን ኬሊ ዲ ትንሽ ነው፤ ጉብታውም በከፊል መልሶ የተሠራ ነው። መተላለፊያው 8 ሜትር ያህል ነው፤ ክፍሉ ውስጥ አንድ ለስላሳ ድንጋይ ለብቻው ቆሟል። ከዌስት ኬኔት ጋር ሲነጻጸር ብዙ የሚታይ የለውም፤ አንድ ነገር ግን አለው። ቀኑ እጅግ በሚረዝምበት ወቅት፣ በጁን 21 (ሰኔ 14) አካባቢ፣ የምትወጣው ፀሐይ መተላለፊያውን አልፋ ክፍሉ ውስጥ ትገባለች። ዕጣ የለም፤ ክፍያ የለም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሳይሞላ እዚያ መገኘት ብቻ ይጠይቃል፤ ስለዚህ በቅርብ ማደር ወይም መኪና መያዝ ግድ ነው። ፀሐይ ወደ መቃብር ስትገባ በዓይኑ ማየት ለሚፈልግና ኒውግሬንጅን በዕጣ ላላገኘ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። በሌላ ጊዜ ግን ለዚህ ብቻ ከሩቅ አትምጡ።

የሸንገን ፈቃድ ላላችሁ፦ ጋቭሪኒስና ሜንጋ

ጋቭሪኒስ በፈረንሳዩ ብሪታኒ ክፍለ ሀገር (ከብሪታንያ ጋር አይምታታባችሁ)፣ በሞርቢያን ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ያለች ትንሽ ደሴት ላይ ነው። ከላርሞር ባደን በጀልባ፣ ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ነው የሚኬደው፤ ክረምት ላይ ይዘጋል። መተላለፊያው 14 ሜትር ነው። ግራና ቀኝ ከቆሙት 29 ድንጋዮች 23ቱ ከላይ እስከ ታች ተቀርጸዋል፤ እንደ ማዕበል የሚጎርፉ ቅስቶች፣ መጥረቢያዎች፣ ከዘራ መሰል ምልክቶች። ቅርጽ ለሚወድ ሰው ከኒውግሬንጅም ከናውዝም የሚበልጠው ይሄ ነው፤ ምክንያቱም እዚህ ቅርጹ መሐል ትገባላችሁ።

የጣሪያው ድንጋይ ደግሞ ከአንድ የተሰበረ ትልቅ ሐውልት የተወሰደ ነው። ሌላው ስባሪ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሎክማሪያኬር ባለው የማርሻን መቃብር ጣሪያ ሆኗል፤ የሁለቱ ቅርጾች ሲገጣጠሙ የበሬ ምስል ይሟላል። የጋቭሪኒሱ ክፍል ወደ ላይ የዞረ ስለሆነ ከውስጥ አይታይም፤ የሎክማሪያኬሩን ግን ቀና ብላችሁ ታዩታላችሁ። ሁለቱን ሳይነጣጥሉ ማየት ነው። በ2025 ይህ አካባቢ ከካርናክ ድንጋዮች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የጎብኚው ቁጥር መጨመሩ ስለማይቀር ቀድማችሁ ያዙ።

ሜንጋ የሌላ ዓለም ነው። በደቡብ ስፔን፣ ከማላጋ በስተሰሜን፣ አንቴኬራ ከተማ ዳር ይገኛል። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3800 እስከ 3600 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። መግቢያው ሰፊ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ ጎንበስ የሚል የለም። ከጣሪያ ድንጋዮቹ ትልቁ 150 ቶን ያህል እንደሚመዝን ተገምቷል። መሐል ላይ ሦስት ምሰሶዎች በረድፍ ቆመዋል፤ ከኋላ ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ አለ። ሌሎቹ ወደ ፀሐይ ሲዞሩ ይህ ከፊቱ ወዳለው፣ የተኛ ሰው ፊት ወደሚመስለው ተራራ ዞሯል፤ በሩ ላይ ቆማችሁ ወደ ውጭ ስታዩ ተራራው መሐል ላይ ይገባል። መግቢያው ነፃ ነው።

እናት አባታችሁን ይዛችሁ ለመሄድ ካሰባችሁ፣ ወይም ጠባብና ጨለማ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው ከመሐላችሁ ካለ፣ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ሜንጋን ምረጡ። ውስጡን እያዩ የበሩ ብርሃን ከዓይን አይጠፋም። እዚያው አጠገቡ ሌላ መቃብር፣ ቪዬራ፣ አለ፤ ትንሽ ራቅ ብሎም ኤል ሮሜራል። ሦስቱም በግማሽ ቀን ይዳረሳሉ። ቅርጻ ቅርጽ ፈልጎ ለሚሄድ ግን ሜንጋ ባዶ ይሆንበታል።

በመጨረሻ ሁለት ሦስት ሲወዳደሩ

አቅሙና ወረቀቱ ላለው፣ አንድ ጉዞ ብቻ አድርግ ብትሉኝ ኦርክኒን ነው የምመርጠው፤ ሁለት ሌሊት አድሮ፣ መኪና ተከራይቶ፣ በሜይ ወይም በሴፕቴምበር፣ ባሕሩ ሲረጋና ሰው ሲቀንስ። ኒውግሬንጅ ለደብሊን ነዋሪና በአየርላንድ ለሚያልፍ ሰው ነው፤ ለእሱ ተብሎ ብቻ ከሩቅ አገር ቪዛ ማውጣት ግን ለጥቂት ደቂቃ ቆይታ ብዙ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ሐሳቤን እለውጣለሁ፤ የጎብኚዎች ማዕከሉ ኤግዚቢሽንና የመብራቱ ማሳያ ለልጅ የሚያስረዳውን ያህል ሌሎቹ አያስረዱም።

ቦታዎች ይዘጋሉ። በአየርላንድ ሎክሩ ኮረብታ ላይ ያለው፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆንበት ማለዳ ፀሐይ የምትገባበት መቃብር፣ በቅርብ ዓመታት ለደኅንነት ሲባል ውስጡ ለጎብኚ ተዘግቶ ቆይቷል። ኮረብታው ግን ክፍት ነው፤ እይታውም ያምራል፤ ውስጡን እገባለሁ ብሎ የሄደ ሰው ግን ይቆጫል። አውሮፕላን ከመቁረጣችሁ በፊት የየቦታውን አስተዳዳሪ ድረ ገጽ ከፍታችሁ "ዛሬ ውስጡ ይገባል ወይ?" የሚለውን አረጋግጡ፤ ትኬት የሚያስፈልግ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ያዙ፣ ቀጥሎ መጓጓዣውን። ባትሪ፣ ዝናብ የማያስገባ ካፖርትና ሊቆሽሽ የሚችል ሱሪ ያዙ። ነጠላና ነጭ ልብስ ለሌላ ቀን ይቆይ፤ የኩዊን በር አፈር አይለቅም።